ተናገርን ማለት ተግባባን ማለት አይደለም

ጅቡቲ ከተማ፣ ፒኬ 12 አካባቢ ለሚያርፉ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሾፌሮች የጤና መልእክት አዘጋጁ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? የኮሙኒኬሽን ሞዴሎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አራቱን ከነአቅራቢዎቻቸውና ከነወጡበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) እነሆ፦

1. ላስዌል (1948)፦ ማን፣ ምን፣ በየት በኩል፣ ለማን ተናገረ? ምንስ ውጤት አመጣ? አምስቱን ሳትመልሱ ፖስተር አታሳትሙ።

2. ሻነን (1948)፦ መልእክት በመንገዱ ላይ በ"ጫጫታ" ይበላሻል። የሞተር ድምፅም፣ የተቆራረጠ ኔትወርክም ጫጫታ ነው። መፍትሔው አሳጥሮ መናገርና መድገም ነው።

3. ሽራም (1954)፦ ሰዎች የሚግባቡት የጋራ ልምዳቸው በፈቀደው ልክ ነው። የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ያሰራጫል። አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሾፌር ድምፁ ጥርት ብሎ ቢሰማም ትርጉሙ አይደርሰውም።

4. ካትዝና ላዛርስፌልድ (1955)፦ የመገናኛ ብዙኃን ሐሳብ ብዙ ጊዜ ወደ ሕዝቡ የሚዘልቀው በሚታመኑ ሰዎች በኩል ነው። በጅቡቲ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከደረሰ በኋላ፣ ከሰዓት፣ መብረዝ በሚባሉት መቃሚያ ቤቶች ዜናው ተነሥቶ ይተነተናል። በሾፌሮቹም ዘንድ የአንጋፋ ባልደረባ ምክር ከፖስተር ይበልጥ ይሰማል።

ስለዚህ ከአንዱ ሞዴል ጋር አትጣበቁ። በላስዌል አቅዱ፣ በሻነን አሳጥሩ፣ በሽራም ቋንቋውን ምረጡ፣ በካትዝና ላዛርስፌልድ የሚታመነውን ሰው ፈልጉ። ከዚያ ሾፌሩን "ምን ተረዳህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልእክታችሁ መድረሱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

እናንተ በሥራችሁ መልእክት የሚጠፋባችሁ የቱ ጋ ነው? ጻፉልኝ።