ሰላምታ በማይሰጥበት ሳምንት ከእህቴ ጋር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከሰው ጋር ተኳርፋችሁ ስቅለትን ሰግዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰግጃለሁ። ያውም ሦስት ዓመት በተከታታይ!

የተኳረፍኳት ታላቅ እህቴን ነው። ምክንያቱ እናታችን ትታልን የሞተችው ቤት ነው። ዝርዝሩን ልተወው፤ በስንቱ ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ብቻ «ይሸጥ»፣ «አይሸጥም» እያልን ከቃል ወደ ቃል ሄድንና አንዳችን የሌላችንን ደጃፍ መርገጥ ተውን።

ችግሩ የምንሳለመው ደብር አንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ እሷ ስትገባ እኔ በሌላው በር እወጣለሁ፤ የሰፈር ሴቶች ደግሞ ዓይናቸው አይጣል ነው። ሕማማት ሲገባ ግን እፎይ እላለሁ። ለምን ቢሉ፣ በሕማማት ሰላምታ የለማ! ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ በዚያ ሳምንት መሳሳምም መጨባበጥም የለም። መስቀልም አንሳለምም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚተላለፈው። ታዲያ የእኔ ኩርፊያ ከሕዝቡ ሐዘን ጋር ተመሳስሎ ይሸፈንልኝ ነበር። አያሳፍርም? ያሳፍራል።

በ2015 ዓ.ም. ስቅለት የዋለው ሚያዝያ 6 ቀን ነበር። በጠዋት ሄጄ ከዛፍ ጥላ ሥር ቦታ ያዝኩ። (ለጀማሪ ልምከር፤ ጥላ የምትፈልጉ ማልዳችሁ ሂዱ፤ ለጉልበታችሁም ወፈር ያለ ጨርቅ ያዙ። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ የንስሐ አባቱን አማክሮ በአቅሙ ነው የሚሰግደው፤ እልህ አያስፈልግም።) በዚያ ቀን ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ቅዳሴም የለም። ግብረ ሕማማት ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ደግሞ ይነበባል። በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት ለየሰዓቱ የተመደበ ንባብ አለው። «ኪርያላይሶን» እየተባለ፣ ማለትም «አቤቱ ማረን» እየተባለ፣ 41 ጊዜ ሲደርስ ግቢው በሙሉ እንደ አንድ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። የሚሰማው የነጠላ ኮሽታና የአሮጊቶች ትንፋሽ ነው።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀና ስል ከፊቴ እህቴ ናት። ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ጥላ ፍለጋ ተጠግታ ይሆናል። እኔን አላየችኝም። የእናታችንን ጋቢ ወገቧ ላይ አስራለች። መጀመሪያ ንዴቴ ነው የመጣው፤ «ጋቢውንም ወስዳዋለች ለካ!» አልኩ በልቤ። ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት እኔ ጋቢ እቆጥራለሁ።

ከዚያ አሰጋገዷን አየሁት። ስትወርድ በአንድ እጇ መሬት ትመረኩዛለች። ስትነሳ ቀኝ ጉልበቷ እሺ አይላትም፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እሷ ገና መሬት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭራሽ አልተነሳችም። እንደተንበረከከች ግንባሯን መሬት አስነክታ ቀረች። እህቴ ጉልበቷን መታመሟን አላውቅም ነበር። ማን ይንገረኝ? የሚነግረኝን ሰው ሁሉ «ስሟን እንዳትጠሩብኝ» ብዬ ዝም ያሰኘሁት እኔው ነኝ። ክንዷን ይዤ ላነሳት እጄ ሄዶ ነበር። መለስኩት። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሲመሻሽ ወይራ ወደያዙት አባት ተሰለፍን። ጀርባን በወይራው መታ መታ እያደረጉ፣ የበደልከውን ሰምተው የምትሰግደውን ቁጥር ይሰጣሉ።

«ምን አለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አባ፣ ከእህቴ ጋር አንነጋገርም።»

«ስንት ጊዜያችሁ?»

«ሦስት ዓመት አለፈን።»

«መቶ ስገጂ» አሉና ወይራውን አንስተው ቆም አሉ። «ስግደቱስ ላንቺ ነው። እሷን ማን ሊክሳት ነው?»

መቶውን ጨርሼ ስዞር እሷ ሄዳለች።

በማግስቱ ቀዳም ሥዑር ነው፤ ከዓመቱ ቅዳሜ ሁሉ ተለይቶ የሚጾም ቅዳሜ። ቄጤማዬን ራሴ ላይ አስሬ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ልጇ ናት፤ አድጋ አላወቅኋትም። እህቴ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች።

«እትዬ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ «ሰላምታ እስከ ነገ የለም፤ ግቢና ቁጭ በይ» አለችኝ።

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሷ ደግሞ እንባዋ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ማሸት ጀመርኩ፤ «ቀስ በይ፣ እዚያ ጋ ነው የሚያመኝ» ትለኛለች። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነሳ። ዛሬም ቢሆን የቤቱ ነገር አላለቀም፤ እሷ «አይሸጥም» እንዳለች ናት፣ እኔም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የዚያን ሌሊት ግን ለትንሣኤ የሄድነው አንድ ላይ ነው፤ እሷ ትከሻዬን ተደግፋ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ዶሮ ዋጋ እየተነጫነጨች።