የጭቃ ሠራዊታችን የዓመት ሒሳብ

ጳጉሜን ስትገባ እኔና የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ቦሳ ኪቶ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። የጭቃ ወታደሮቻችን መዝገብ ነው። መስከረም ላይ ያቀድነው ቀላል መስሎን ነበር፤ የዓድዋን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ የምንጫወትባቸውን ትንንሽ ወታደሮች ሠርተንና ቀብተን ለየካቲት 23 ማድረስ።

ስሌቱን የሠራው እሱ ነው። አንዱ ወታደር 500 ሰው ይወክላል ተባባልን። የጣሊያን ጦር 17,700 ያህል ስለነበር 35፤ የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ 100,000 ይገመታልና 200። በድምሩ 235። አሁን ስንቆጥር ያገኘነው የእኛ 88፣ የጣሊያን 20 ነው። ግማሽም አልደረስንም።

ሸክላውን የምናመጣው ከረግረጉ ዳር ነው። የጅማ ክረምት እንደምታውቁት አያደርቅም። ኅዳር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቡና ከተሰጣበት አልጋ ጥግ ደረደርናቸው፤ በሁለት ቀን ተሰነጣጠቁ። ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው መድረቅ እንዳለባቸው የነገረችን ባለቤቴ ናት፤ ጀበናና ምጣድ ሲሠራ እያየች ያደገች ናት። ከዚያ ወዲህ ጥቂት አሸዋ እየቀላቀልን አልጋ ሥር እናደርቃለን። ጦሩ ስቴኪኒ ነው። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ መሆኑን ስነግረው ልጁ በሳቅ ሞተ።

የጣሊያኖቹ ማነስ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ማንም ሊሠራቸው አይፈልግም። የጎረቤት ልጆች ሲመጡ አንዱ ባልቻ ነኝ፣ ሌላዋ እቴጌ ጣይቱ ነኝ ትላለች። ባራቲየሪ የምሆነው ሁሌ እኔ ነኝ።

ሕጉ አላስቸገረንም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት የጨዋታ ሕግ የያዘ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በእሱ ጨዋታ የአሻንጉሊት መድፍ የእንጨት ጥይት ይተኩሳል። እኛ የቡና ፍሬ በጣት እናስፈነጥራለን።

የካቲት 23 ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። በግራ በኩል የሚሄደው የአልቤርቶኔ ጦር ከ4,000 በላይ ስለነበር ስምንት ወታደር ደረሰው። ልጁ እንደሌሎቹ ነጭ ቆብ ቀብቷቸው ነበር። እኔ፣ የማይታረም ነገር የማልወድ ሰው፣ «እነዚህ ቀይ ታርቡሽ ነው የሚያደርጉት፤ ፊታቸውም እንደኛ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«አስካሪ ናቸው። አብዛኞቹ ከኤርትራ የተመለመሉ ናቸው።»

«እና አባባ፣ የኛ ሰዎች ናቸው?»

ብሩሹን እንደያዘ ቆየ። «ሲማረኩስ ምን ሆኑ?» ሲል ጠየቀ። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች ከጊዜ በኋላ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ያውቃል። የተማረኩት አስካሪዎች ግን እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ይህን በበዓል ቀን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? «ታሰሩ» ብዬ አለፍኩት። ጨዋታውን ቀጠልን፤ እኔም ተሸነፍኩ።

በጳጉሜኑ ግምገማ ላይ ግን «ያልተፈጸሙ» በሚለው ሥር፣ ከ112ቱ ያልተሠሩ ኢትዮጵያውያንና ከ15ቱ ጣሊያኖች ቀጥሎ፣ በእርሳስ «አባባ ያልመለሰው ጥያቄ» የሚል አገኘሁ። ስድስት ወር ሙሉ ይዞት ኖሯል። እንደዋሸሁት ገብቶታል ማለት ነው።

ነገርኩት። ምኒልክ በድሉ የምንኮራበት ንጉሥ መሆናቸውንም፣ ይህም መደረጉን፣ ሁለቱንም። እናቱ ከውስጥ ሰምታ በዓይኗ ገላመጠችኝ፤ ገና ነው ማለቷ ነው። አሁንም ተስማምተናል ማለት አልችልም።

ልጁ አላለቀሰም። ሣጥኑን ከፍቶ ስምንቱን ለየና ደብተሩን ገልጦ፣ በአዲሱ ዓመት ዕቅድ መጀመሪያ መስመር ላይ «ለስምንቱ ስም ማውጣት» ብሎ ጻፈ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ለእራት ተጠራን።