ሽራቫና፤ በሂንዱዎች የጨረቃ አቆጣጠር የክረምቱ ወር በዓላትና ጾሞች

በሕንድ አገር የሂንዱን ሃይማኖት የሚከተለው ሕዝብ አብዛኞቹን በዓላቱንና ጾሞቹን የሚያከብረው በጨረቃ አቆጣጠር ነው። ከዓመቱ ወሮች መካከል በጾሙ ብዛት እጅግ የታወቀው ሽራቫና የተባለው ወር ሲሆን፥ በሰሜን ሕንድ ሳዋን ይሉታል። ወሩ ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌና በነሐሴ ላይ ይውላል፤ ይኸውም ሞንሱን የተባለው ዝናም አምጪ ነፋስ በግንቦት መጨረሻ ገደማ ወደ ደቡቡ ጠረፍ ወደ ኬረላ ደርሶ፥ በሐምሌ አገሩን ሁሉ ከሸፈነ በኋላ ነው። የወሩን በዓላት በስማቸው መዘርዘር ቀላል ነው። «ጾሙ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የአቆጣጠሩም ጠባይ በይበልጥ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከአንዱ ሠርቀ ጨረቃ እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ሂንዱዎች ይህን ጊዜ ቲቲ በሚባሉ 30 ክፍሎች ይከፍሉታል። ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል። የጨረቃ ጉዞ አንድ ጊዜ የፈጠነ፥ አንድ ጊዜም የዘገየ ስለሆነ፥ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ገደማ ሲሆን ሌላው እስከ 26 ሰዓት ይደርሳል፤ የሚጀምረውም በቀን ወይም በሌሊት በማናቸውም ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕለቱ ስሙን የሚያገኘው ፀሐይ ስትወጣ ካለው ቲቲ ነው። አንድ ቲቲ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምሮ በማግሥቱ ሳትወጣ ያለቀ እንደሆነ ከቁጥር ይዘለላል፤ ሁለት ጊዜ ፀሐይ የወጣችበት እንደሆነ ደግሞ ሁለት ቀኖች በአንድ ስም ይጠራሉ። ከዚህም በላይ ፀሐይ በሁሉም ስፍራ በአንድ ጊዜ ስለማትወጣ፥ ርቀው በሚገኙ ሁለት ከተሞች ያው ጾም በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል። ቤተሰቡ ሰማዩን አይቶ ይህን ሊወስን አይችልምና፥ ፓንቻንግ የተባለውን የዓመት መጽሐፍ ይመለከታል ወይም ካህኑን ይጠይቃል።

12 የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ፥ ከዓመተ ፀሐይ በ11 ቀን ያንሳሉ። የኢትዮጵያ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴን የሚያወጡት ከዚሁ ከ11 ቀን ልዩነት ተነሥተው ነው። ነገር ግን በባሕረ ሐሳብ ሒሳቡ ተለይቶ በታወቀ የ19 ዓመት ዑደት ሲመላለስ፥ ሂንዱዎች የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በየዓመቱ ይከተላሉ። ፀሐይ ከ12ቱ የከዋክብት ክፍሎች ወደ አንዱ ሳትገባ ከሠርቅ እስከ ሠርቅ ያለው ጊዜ ካለፈ፥ ያ ወር ትርፍ ወር ይሆንና የሚቀጥለውን ወር ስም ይይዛል። ይህም በ32 ወይም በ33 ወር አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. የተደገመው ሽራቫና ራሱ ነበር። በዚያ ዓመት በሰሜን ሕንድ ወሩ ከሰኔ 27 እስከ ነሐሴ 25 ድረስ 59 ቀን ቆየ፤ በሌላው ዓመት አራት ወይም አምስት የሚሆኑት ሰኞዎችም ስምንት ሆኑ። በትርፉ ወር ሠርግና የመሳሰለው ደስታ አይደረግም፤ ጸሎትና ምጽዋት ግን ይመሰገናል።

ሌላው ልዩነት የወሩ መነሻ ነው። በሰሜን ሕንድ ወሩ የሚጀምረው ጨረቃ ሞልታ መጉደል ስትጀምር ነው፤ በማሃራሽትራ፥ በጉጃራትና በደቡቡ ብዙ ክፍል ግን ከሠርቅ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨረቃ የምትሞላበት ብሩሁ ግማሽ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ስም ሲጠራ፥ የምትጎድልበት ጨለማው ግማሽ ግን ሁለት ስም አለው። የክሪሽና ልደት የሚከበርበት ስምንተኛ ሌሊት በሙምባይ የሽራቫና፥ በማቱራ ግን ባድራፓዳ የተባለው የተከታዩ ወር ነው። እንዲህም ሆኖ ሌሊቱ አንድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የዋለው ነሐሴ 20 ቀን ነበር። በቲቲ ለተወሰነ በዓል ልዩነቱ የስም ብቻ ነው ማለት ነው። በሳምንቱ ዕለት ለተወሰነ ጾም ግን ልዩነቱ የሥራ ይሆናል። በዚያው ዓመት በኡታር ፕራዴሽ የምትኖር ሴት የሽራቫናን የሰኞ ጾም ሐምሌ 15 ቀን ስትጀምር፥ የማሃራሽትራዋ ሴት እስከ ሐምሌ 29 ቀን ድረስ መጠበቅ ነበረባት።

የሽራቫና ሰኞ የሺቫ ዕለት ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው አማልክትና አጋንንት ባሕሩን በናጡት ጊዜ መርዝ ወጣ፤ ሺቫም ዓለምን ለማዳን መርዙን ጠጥቶ በጉሮሮው ስላስቀረው አንገቱ ሰማያዊ ሆነ። ስለዚህ ምእመናን ቃጠሎውን ለማብረድ በምስሉ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። በሰሜን ካንዋሪያ የሚባሉት ተሳላሚዎች የጋንጅስን ውሃ ከሃሪድዋር ቀድተው፥ በትከሻቸው በተሸከሙት እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው በእግራቸው ወደየአገራቸው ቤተ መቅደስ ይወስዳሉ። በምሥራቅም ከሱልጣንጋንጅ ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በዴኦጋር ላለው የሺቫ መቅደስ ያቀርባሉ። ማክሰኞ ደግሞ በብዙ አገር አዲስ ያገቡ ሴቶች ለባሎቻቸው ዕድሜ የሚጾሙበት ዕለት ነው።

የወሩ ሥርዓት ከዝናሙ ጋር ያለው ግንኙነት በብዙ ነገር ይታያል። ሽራቫና ቻቱርማስ በተባሉት አራት ወሮች ውስጥ ይገኛል፤ በነዚህ ወሮች ቪሽኑ በእባብ አልጋ ላይ ተኝቷል ይባላል። ከአገር ወደ አገር የሚዞሩ መናንያንም መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት ስለሆነ በአንድ ስፍራ ይከርማሉ። ሥርዓት አጥባቂዎች በሽራቫና ቅጠላ ቅጠል አይበሉም። በብሩሁ ግማሽ በአምስተኛው ቀን የሚውለው ናግ ፓንቻሚ የእባብ በዓል ነው። ጎርፍ ጉድጓዱን ሞልቶ እባቡን ወደ ሰው ቤት በሚያወጣበት ወራት፥ ሕዝቡ ለእባብ ምስል ወተት ያቀርባል፤ ገበሬውም እባብ እንዳይጎዳ በዚያ ቀን አያርስም፥ መሬትም አይቆፍርም። ጨረቃ በሞላችበት ቀን እኅት በወንድሟ እጅ ላይ ክር ታስራለች፤ እርሱም ሊጠብቃት ይገባል። በዚሁ ቀን በማሃራሽትራ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ኮኮናት ወደ ባሕር ይጥላሉ፤ በማዕበሉ ወራት የቆመው አጥመዳም በዚህ መሥዋዕት ይከፈታል።

የጾሙ ጠባይም መገለጥ ያስፈልገዋል። በሂንዱዎች ዘንድ በጾም ቀን ወተትና ቅቤ በአብዛኛው አይከለከሉም፤ የሚከለከለው እህል ነው። በየግማሽ ወሩ በ11ኛው ቲቲ በሚጾመው በኤካዳሺ ሩዝ፥ ስንዴና ጥራጥሬ ቀርተው ፍራፍሬ፥ ወተትና ሥራ ሥር ይበላሉ፤ በተራው ጨው ፈንታም ከማዕድን የሚወጣው ጨው ይገባል። አጥባቂዎች ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ጾሙን መፍታትም ሰዓት አለው፤ በማግሥቱ 12ኛው ቲቲ ሳያልፍ መሆን አለበት። በክሪሽና ልደት ደግሞ ጾሙ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ክሪሽና የተወለደው በዚያ ሰዓት ነው ተብሎ ይታመናልና። ጥያቄውም እዚህ ላይ ይጸናል። ስማርታ የተባሉት ወገኖች ስምንተኛው ቲቲ በእኩለ ሌሊት የሚገኝበትን ዕለት ሲመርጡ፥ ቫይሽናቫዎች ፀሐይ ስትወጣ የሚገኝበትን ይመርጣሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ዓመት በአንድ ከተማ በዓሉ በሁለት ተከታታይ ቀኖች ይከበራል፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ቀኑን የጠበቁት በሥርዓት ነው።

ይህን ሁሉ ልዩነት ለማቃናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 የሕንድ መንግሥት በሊቁ በሜግናድ ሳሃ ሰብሳቢነት ኮሚቴ አቆመ። ኮሚቴው በአገሩ ውስጥ 30 የሚያህሉ የዘመን አቆጣጠሮች እንደሚሠራባቸው ተመልክቶ፥ ሐሳቡን በ1955 አቀረበ፤ አዲሱም የመንግሥት አቆጣጠር በማርች 22 ቀን 1957 ተጀመረ። በዚህ አቆጣጠር ሽራቫና የፀሐይ ወር ነው፤ ሁልጊዜ ሐምሌ 16 ቀን ይጀምራል፥ 31 ቀንም አለው። ይሁን እንጂ ሰኞ የሚጾም ሰው በዚህ አይቆጥርም፤ በዓላቱና ጾሞቹ ዛሬም የሚወጡት ከፓንቻንግ ነው።

ከቀን ልዩነት የሚከብደው ግን ኮሚቴው የገለጠው ሌላ ነገር ነው። የፓንቻንጉ ዓመት በከዋክብት የሚለካ ስለሆነ፥ ወራተ ዓመቱን ከሚያመላልሰው ዓመት በ20 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በየ72 ዓመቱ ገደማ በዓላቱ ከወቅታቸው በአንድ ቀን ይዘገያሉ፤ እስከ ኮሚቴው ዘመን የተጠራቀመው ልዩነት 23 ቀን ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህ አይታወቅም። ነገር ግን ገበሬው እርሻውን የሚያቆምለት እባብ፥ አጥማጁም ኮኮናት የሚጥልበት ማዕበል የወሩ ምክንያቶች ናቸው። ዘመን በረዘመ ቁጥር ስሙና ሥርዓቱ ሳይለወጡ ወሩ ከዝናሙ እየተለየ ይሄዳል። መንግሥት ለጽሕፈት ቤቱ ወራተ ዓመቱን የሚጠብቀውን አቆጣጠር ሲመርጥ፥ ሕዝቡ ለጾሙ አባቶቹ የቆጠሩበትን ሰማይ አልለቀቀም። ሽራቫናን የሚያጠና ሰው የበዓላቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ቀኑን በማን ቃልና በምን መለኪያ እንደሚወስን መመርመር የሚገባው ስለዚህ ነው።