ድመት ስለምትቧጭርበት ምክንያትና ስለ መከላከያው

በምዕራብ ጎጃም ባላገር፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፥ እህል ካለበት ቤት አይጥ አይታጣም። ጤፍ፥ ዳጉሳና በቆሎ ከታጨደ በኋላ እስከሚቀጥለው መኸር መቆየት አለበትና ድመት በዚህ ቤት የጎተራ ዘበኛ ሆና ትኖራለች። ነገር ግን ይህችው ዘበኛ ሌሊቱን አይጥ ስታድን አድራ ማለዳ የመሶቡን ስፌት ስትቦጫጭቅ፥ አጎዛውን ስትቧጥጥ፥ የጋቢውን ክር ስትመዝ ትገኛለች። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ በዱላ ይመታታል፤ አንዳንዱም ከቤት ያባርራታል። ድመቲቱ ከሄደች በኋላ ግን አይጥ ይበዛል፤ ከመሶቡ ጉዳት ይልቅ የእህሉ ጉዳት ይከፋል። ስለዚህ የመቧጨሯን ምክንያት አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ድመት የምትቧጭረው ስለ ክፋት አይደለም፤ ሦስት ምክንያት አላት። መጀመሪያው የጥፍሯ አበቃቀል ነው። በፊት እግሮቿ በእያንዳንዱ አምስት፥ በኋላ እግሮቿ በእያንዳንዱ አራት፥ በጠቅላላው 18 ጥፍር አላት። ጥፍሩም እንደ ሽንኩርት በድርብርብ የሚያድግ ነውና፥ የላይኛው ልባስ ባረጀ ጊዜ ሻካራ ነገር ላይ ጐትታ ታወልቀዋለች፤ ከሥሩም ስለታሙ አዲስ ጥፍር ይገለጣል። ጐንበስ ብሎ የምሰሶውን ግርጌ የፈለገ ሰው እንደ ማጭድ የጐበጠች ትንሽ ደረቅ ቅርፊት ያገኛል። ይህች ያረጀው ጥፍር ልባስ ናት እንጂ ጥፍሩ አልተነቀለም።

ሁለተኛው ምክንያት ምልክት ማድረግ ነው። በመዳፏ ላይ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። ሽታውን ሰው አያውቀውም፤ ሌላ ድመት ግን ያውቀዋል። ገበሬ በማሳው ዳር የወሰን ድንጋይ እንደሚተክል፥ እርስዋም በጭረቱና በሽታው ስፍራዋን ታስታውቃለች። አንድ ጊዜ ወደ ቧጨረችው ዕቃ ደጋግማ የምትመለሰውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰውነትን ማፍታታት ነው። ድመት ከእንቅልፍ ስትነቃ ጥፍሯን ተክላ ጀርባዋንና ትከሻዋን ትዘረጋለች።

ይህ ጠባይ ከዱር ዘመዶቿ የወረሰችው ነው። የቤት ድመት ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት የተገኘች መሆኗን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የወጣ የዘር ምርመራ አስረድቷል። በቆጵሮስ ደሴትም ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች፥ 9500 ዓመት ያህል የሆናት ድመት መገኘቷ በ2004 ተገልጧል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም» የተባለው ተረት ለሰው ምክር የተነገረ ቢሆንም፥ ስለ ጥፍሯ እውነት ነው። ዐመሏን ማስተው አይቻልም፤ ስፍራውን መለወጥ ግን ይቻላል።

ይህም እንደሚከተለው ይደረጋል። ሁለት ክንድ ያህል ቁመት ያለው፥ ልጡ ያልተላጠ ሻካራ ግንድ ይዘጋጅ። ልጡ የለሰለሰ እንደ ሆነ የቃጫ ገመድ ይጠምጠምበት። ድመት የሚወዛወዝ ነገር አትወድምና ግንዱ በመሬት ውስጥ ጠብቆ ይተከል። ስፍራውም በሩቅ ማእዘን ሳይሆን በምትተኛበት ወይም ጥፋት በምታደርስበት ዕቃ አጠገብ ይሁን። በግንዱ ላይ በቧጨረች ጊዜ ጥቂት ወተት ወይም ቁራጭ ሥጋ ይሰጣት። መሶቡና አጎዛው እስክትለምድ ድረስ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። እጇን በግድ ይዞ በግንዱ ላይ ማሸት ግን ስፍራውን እንድትጠላው ያደርጋል። ዱላም አይረባም። ጥፋቱ ካለፈ በኋላ የተመታች ድመት ስለ ምን እንደ ተመታች አታውቅምና ሰውን መፍራት ብቻ ትማራለች።

ጥፍሯን ከነሥሩ ማስወገድ ፈጽሞ አይገባም። ጥፍሩ ከጣቷ ጫፍ አጥንት ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ እርሱን ለማጥፋት አጥንቱ ይቈረጣል፤ ይህም የሰውን ጣት ከመጨረሻው አንጓ እንደ መቍረጥ ነው። ይህን ሥራ እንግሊዝ በ2006 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፥ የአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛትም በ2019፥ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ከልክለዋል። ጥፍር የሌላት ድመት አይጥ ለመያዝም ከውሻ ሸሽታ ዛፍ ለመውጣትም ትቸገራለች።

በመጨረሻ የሕፃናት ነገር አለ። ድመትን ጅራቷን የሚጐትት ወይም ስትበላ የሚነካካ ልጅ መቧጨሩ አይቀርም። የተቧጨረው ስፍራ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም የንፍፊት እብጠት ከታየ ሐኪም ይየው። ድመቲቱ የማትታወቅ ወይም ጠባይዋ ድንገት የተለወጠ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም የነከሰች እንደ ሆነ፥ ቍስሉ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ቢተላለፍም ከድመትም ይተላለፋል። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ ከተሰጠ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው ከቶ የለም ማለት ይቻላል።

መምህራን የወደቀውን የጥፍር ልባስ ለተማሪዎች እያሳዩ ይህን ቢያስረዱ፥ ሽማግሎችም በየቤቱ አንድ ግንድ እንዲተከል ቢመክሩ፥ መሶቡም ጎተራውም ልጆቹም ይጠበቃሉ።