ከአፈርና ከተልባ የሚሠራ የሥዕል ቀለም



ሥዕል የሚወድ ልጅ ያለበት ቤት ሁለት ጭንቀት አያጣውም። አንደኛው የቀለም ዋጋ ነው። ከባዱ ግን «ልጄ ሐራም ውስጥ ይገባብኝ ይሆን?» የሚለው የወላጅ ስጋት ነው። አንዳንድ ቤት ነገሩ የሚቋጨው የልጁን ደብተር በመቅደድ ነው። እኛ ግን ከመቅደድ በፊት የሚታይ መንገድ አለ እንላለን።

በሥዕል ይተዳደር የነበረ አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በመጣ ጊዜ፣ መተው ካልቻለ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል እንደመከሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በዚህ በር ምን ያህል ሥራ ሊገባ እንደሚችል ለማየት የኢስታንቡሉን ሼከር አሕመድ ፓሻን (እ.ኤ.አ. 1841-1907) ማስታወስ ይበቃል። እኚህ የኦቶማን ባለሥልጣን ስማቸውን ያተረፉት በተለይ በዘይት ቀለም በሳሏቸው ደኖችና ፍራፍሬዎች ነው።

የዘይት ቀለም ማለት በዘይት የታሸ ባለቀለም ዱቄት ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ይሠራል። እኛም ሞከርነው። መጀመሪያ የተሳሳትነው በዘይቱ ነበር። ከወጥ ቤት የፓልም ዘይት ወስደን ቀይ አፈር አሸንበት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ጣት ላይ ይለጠፍ ነበር። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባን። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ራሱ ይጠነክራል እንጂ። የፓልም ዘይት ይህን አይችልም። የተልባ ዘይት ግን ይችላል፤ ሠዓሊዎችም ለዘመናት የኖሩት በእርሱ ነው። ተልባው ሳይቆላ ቢጨመቅ ይመረጣል።

ቀይ ወይም ቢጫ አፈር በውሃ በጥብጡ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ድፍርሱን ውሃ በሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ አሳድሩት። ከሥር የሚቀረው ልም ጭቃ ሲደርቅ ቀለማችሁ እርሱ ነው። ቢጫውን አፈር በብረት ምጣድ በኃይለኛ እሳት ብትቆሉት ይቀላል፤ በውስጡ ያለው የብረት ውሕድ ውሃውን ስለሚለቅ ነው። (ይህን ስናይ ሱብሓነላህ ማለታችን አልቀረም።) ለጥቁር ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥቀርሻ ይሆናል። ዱቄቱን ስትነካኩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ከዚያ ዱቄቱን ወፍራም መስታወት ላይ ከምራችሁ ዘይቱን በጠብታ በጠብታ እየጨመራችሁ ለውሱ፤ ታቹ ጠፍጣፋ በሆነ ለስላሳ ድንጋይም እንደ ቅቤ እስኪሆን ፍጩት። መጅ ይዘው ያደጉ እናቶቻችን ይህን ሥራ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ዘይት ከበዛበት ሲደርቅ ይጨማደዳል።

ነጭ ላይ ተቸገርን። ጠመኔ በዘይት ሲታሽ ንጣቱን ያጣና ግራጫ ይሆናል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ከእርሳስ የሚሠራው ነጭ መርዝ ነውና ቤት አታስገቡት። የእርድ ቢጫም ያምራል፣ ግን ብርሃን ያጠፋዋል።

ስለ ብሩሽ ሳናነሳ አናልፍም። ለዘይት ቀለም የሚሸጡት ብሩሾች ብዙዎቹ ከአሳማ ፀጉር የሚሠሩ ናቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ይህ ነጃሳ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የናይለን ብሩሽ አለ፤ የፍየል ፀጉር በቀጭን እንጨት ላይ አስሮ መሥራትም ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ጨርቁን ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

መሳያችን በኮላና በጠመኔ ሁለት ጊዜ የተቀባ ጣውላ ነበር፤ ጨርቅ እንዲሁ ከተቀባ ዘይቱን ጠጥቶ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። በቀይ አፈር ግድግዳ ፊት የተቀመጠ አንድ ጀበና ሳልን። ግድግዳው በሳምንቱ ደረቀ። ጥቀርሻ ሲደርቅ ይዘገያልና ጀበናው ይህን ስንጽፍ አሁንም ጣት ያጠቁራል።