የደጋጎቹ ቅጥር

በምዕራብ አየርላንድ በክሌርና በኬሪ አውራጃዎች ገጠር የሚጓዝ ሰው በግጦሽ መሬት መኻል ቁጥቋጦ የዋጠው ክብ የአፈር ካብ ያያል። በዙሪያው ሣር ታጭዷል፤ ክቡን ግን የነካው የለም።

በአገሪቱ እንዲህ ያለ ክብ ምሽግ ከ40 ሺህ በላይ እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኛው ከ6ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። ምሽግ ይባል እንጂ የገበሬ ግቢ ነበር፦ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው፣ አፈሩን ወደ ውስጥ ከምረው፣ መኻሉ ላይ ቤት ይቀልሱ ነበር። ያኔ ሀብትና ክብር የሚለካው በከብት ስለነበር ካቡ ከብት ዘራፊን ያስቸግር ነበር። አንዳንዱ በድንጋይ የተሠራ የምድር ውስጥ መተላለፊያም አለው፤ ምግብ ይቀመጥበት፣ በክፉ ቀንም ይሸሸጉበት ነበር።

የሠሩት ሰዎች ሲረሱ ቅጥሩን በአገሬው እምነት ስውራን፣ ማለትም የማይታዩ ፍጡራን፣ ወረሱት። ስማቸውን በቀጥታ መጥራት ስለሚያስፈራ አገሬው «ደጋጎቹ» ይላቸዋል፤ ደግነታቸው ግን ካልነኳቸው ብቻ ነው። ሌሊት ከምሽጉ ሙዚቃ ተሰማ፣ መብራት ታየ ይባላል። በላዩ የበቀለውን እሾሃማ ዛፍ የቆረጠ ሰው ይታመማል፣ ከብቱ ያልቅበታል ይባላል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ደግሞ ሠሪዎቹ ዴኖች፣ ማለትም ቫይኪንጎች፣ ናቸው ይላሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ቫይኪንጎች ሳይመጡ በፊት የተሠሩ ብዙ ናቸው።

ወሬው የተመዘገበው በልጆች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን 5 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶችን አስተባብሮ፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ አደረገ። የመንደሩ ምሽግ ከደብተሮቹ የማይጠፋ ርዕስ ነው።

ከተረቱ ሁሉ ከባዱ እውነት ግን ሌላ ነው። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለማይቀበር፣ ብዙ ወላጆች ሬሳውን ወስደው በምሽጉ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ኪሊን ይባላል። ሰዎች ቅጥሩን የሚሸሹት ስውራንን ፈርተው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የቅርስ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ እኔ እንደማስበው ግን ምሽጎቹን ለረጅም ዘመን የጠበቃቸው ፍርሃቱ ነው። ሆኖም ከባድ ማሽን ገጠር ሲገባ ብዙዎቹ ተደምስሰዋል። ፍርሃቱም ቢሆን ገና አልጠፋም፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የኬሪ የፓርላማ አባል ዳኒ ሂሊ ሬ፣ አንድ አውራ ጎዳና ተጠግኖ ዳግም የሰመጠበትን ምክንያት በአካባቢው ካሉት ምሽጎች ጋር በአደባባይ አያይዘውታል።