ከካፕሱሉ በፊት ቴርሞሜትሩ

ትልቅ ዓሣ ጎኑን ሰጥቶ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። እኔ የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው። «ዶክተር፣ ቴትራሳይክሊን በትነንበት ነበር፤ አልተሻለውም» ይሉኛል። ሙያዬ የከብትና የውሻ ሕክምና ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሉም ሬስቶራንቱም በር ላይ አኳሪየም ማቆም ሲያዘወትር ግን ዓሣም ታካሚዬ ሆነ። ባልደረቦቼ «ለምን አይጠበስም?» እያሉ ይስቁብኛል።

ዓሣ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ውሃ መካከል የሚቆመው ከአከርካሪው ሥር ባለው የአየር ከረጢት ነው። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ ከሰውነቱ መጠን 7 በመቶ ያህሉ ይኸው ከረጢት ነው። መጠኑ ትንሽ ሲዛባ ዓሣው ሚዛኑን ይስታል። የሚያዛባው ግን ሁልጊዜ ራሱ ከረጢቱ አይደለም። የታጨቀ አንጀት፣ ያልወጣ እንቁላል፣ ያበጠ ኩላሊት፣ በስብ የተሞላ ጉበት፣ እጢ፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ የውሃ ቅዝቃዜ፤ ሁሉም ዓሣውን ያንሳፍፉታል ወይም ወለል ላይ ያስተኙታል። ሚዛን መሳቱ እንደ ትኩሳት ነው፤ ምልክት እንጂ በሽታው እሱ አይደለም።

የዓሣው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ጎልድፊሽና ኮይ ከጉሮሯቸው ወደ ከረጢቱ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ስላላቸው አየር መዋጥም ማስወጣትም ይችላሉ። ኦስካር የተባለው ትልቅ የአኳሪየም ዓሣም የእኛው ቆሮሶም ቱቦ የላቸውም። ከረጢታቸው ዝግ ነው፤ ጋዙ ከደም ይገባል፣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። አዲስ አበባ የምትቆመው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ በአውሮፕላን የመጣ ኦስካር ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጋዝ እስከ ሲሶ ድረስ ሊሰፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ዓሣ በመጣበት ቀን ጭራው ወደ ላይ ቢነሳ ከሻጩ ጋር መጣላት አያስፈልግም። ጠለቅ ባለ፣ ብርሃኑ በደበዘዘ ገንዳ ውስጥ ካልተረበሸ ጋዙን ራሱ ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል።

ቦሌ አካባቢ አንድ ሬስቶራንት ያየሁት ኦስካር ግን አዲስ መጪ አልነበረም። ከእጅ ስንዝር በላይ የሚረዝም፣ ለዓመታት የኖረ፣ ደንበኞች የሚያውቁት ዓሣ ነው። ውሃው በቴትራሳይክሊን ካፕሱል ዱቄት ቢጫ ሆኗል። ቴርሞሜትር ስከትበት 18 ዲግሪ አነበበ፤ ኦስካር የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ነው። መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ፍሪጁና አምፖሉ ይሠራሉ፣ የገንዳው ማሞቂያ ግን በዚያ መስመር ላይ አልተሰካም። ማንም ልብ አላለውም። ደንበኞች ደግሞ ዳቦ ይወረውሩለታል። የቀዘቀዘ ዓሣ ምግብ አይፈጭም፤ ዳቦው ሆዱ ውስጥ ያብጣል፣ ይቦካል፣ ጋዝ ይሠራል።

ራጅ አነሳነው። በዚህ ሥራ እንደ ራጅ የሚያስደስተኝ መሣሪያ የለም፤ ጋዝ ጥቁር ሆኖ፣ ፈሳሽ ነጣ ብሎ ስለሚታይ ከረጢቱ ራሱን ያሳያል። ዓሣው በቅርንፉድ ዘይት ደንዘዝ ብሎ፣ በእርጥብ ፕላስቲክ ላይ ከደቂቃ ያልበለጠ ይተኛል። የኦስካሩ ከረጢት ደህና ነበር። የተነፋው አንጀቱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ አይወጉትም?» አለኝ። የከፈለው ለመርፌ ሳይመስለው አልቀረም። ያዘዝኩለት ጾምና ሙቀት ነው። ጤነኛ ትልቅ ኦስካር ሳምንት ባይበላ ምንም አይሆንም። ሙቀቱን በቀን ከ2 ወይም 3 ዲግሪ ሳናሳልፍ ከፍ አደረግን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ መጀመሪያውኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማሞቂያውን ስንጨምር የአየር ፓምፑንም አጠናከርን። ከውሃ በላይ የወጣው ጎኑ እንዳይደርቅና እንዳይቆስል ቫዝሊን በስሱ ቀባነው። ሳምንቱ ሳያልቅ አንጀቱ ተለቀቀ፣ ዓሣውም ቀጥ ብሎ ዋኘ። ሲበላም በዳቦ ሳይሆን በምድር ትል ጀመረ። ተቀቅሎ የተላጠ አተር ለጎልድፊሽ ጥሩ ነው፤ ሥጋ በል ለሆነው ኦስካር ግን ትል ይሻለዋል።

ቴትራሳይክሊኑስ? ውሃ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም መድኃኒቱን ስለሚይዙት ዓሣው የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳ ይችላል። ሥራ አስኪያጁ «እኛም እኮ የምንውጠው ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። እኛ የምንኖረው በገዛ ሽንታችን ውስጥ አይደለም፤ ዓሣው ግን እዚያው ነው ያለው።

መርፌ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ከረጢቱ ራሱ ከልክ በላይ ሲነፋ ቀጭን መርፌ በቅርፊቶች መካከል አስገብቼ ጋዝ እቀዳለሁ፤ ዓሣው እስኪስተካከል ብቻ፣ ከዚያ አላልፍም። አብዝቶ የቀዳ ሐኪም የተንሳፈፈውን ዓሣ ወለል ላይ ያስተኛዋል። ምክንያቱ ካልተነሳ ጋዙ ይመለሳልና ይህን ለባለቤቱ አስቀድሜ እናገራለሁ። ፈሳሽ ከወጣ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ አንቲባዮቲክ የሚታሰበው ያኔ ነው፤ እሱም በትልቅ ዓሣ ላይ በክብደቱ ተለክቶ በመርፌ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

የማይድንም አለ። ኩላሊታቸው በውሃ ከረጢቶች ተሞልቶ ሆዳቸው የሚነፋ ጎልድፊሾች ራጅ ላይ አየር ከረጢታቸው ወደ ጎን ተገፍቶ ይታያል። ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም። ዓሣው መብላት ሲያቆምና ገላው ሲቆስል ባለቤቶቹን አስቀምጬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ከተስማሙ በከፍተኛ መጠን የማደንዘዣ ውሃ ውስጥ ሳይሠቃይ ያልፋል። ልጆች ካሉ ይህን ከእነሱ መደበቅ አልወድም።

ዓሣችሁ የተንሳፈፈባችሁ እንደሆነ ምግቡን አቁሙ፣ ማሞቂያው መሥራቱን አረጋግጡ፣ ሙቀቱን ለኩ። ሐኪም ስትጠሩም ከገንዳው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድታችሁ አቆዩልን፤ መድኃኒት ሳትጨምሩበት።